ሥጋ የሌለበት ማዕድ በክትፎ አገር

ቡታጅራ የገባ እንግዳ ምን እንደሚቀርብለት አስቀድሞ ያውቃል። ክትፎው በጣባ ይመጣል፤ ቆጮው ይከተላል፤ አይብና ጎመን ከጎኑ ይቀመጣሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ይህች የመስቃን ከተማ፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ስሟ የሚነሣው ከሥጋና ከቅቤ ጋር ነው። እንግዳው ሥጋ የማይቀምስ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አስተናጋጁ «ጾም ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀላል ነው፤ በያይነቱ አለ፣ ሽሮ አለ። «ጾም አይደለሁም፤ ቅቤም ወተትም እወስዳለሁ፤ ሥጋ ብቻ ነው የማልበላው» ካለ ግን አስተናጋጁ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጾመኛም ከፍስክም ወገን አድርጎ ሊያስተናግደው አይችልም።

ግራ መጋባቱ የአስተናጋጁ ጥፋት አይደለም። በኢትዮጵያ ያለ ሥጋ መብላት በቀን የሚወሰን ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ሁዳዴ 55 ቀን ይጾማል፤ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ አሉ። ጾሙ ሲፈታ ግን ያው ሰው ሥጋ ቤት ይሰለፋል። በደቡብ ሕንድ ነባር የአትክልት ምግብ ቤቶች በኩል ያለው ሥርዓት ሌላ ነው። እዚያ ያለ ሥጋ መኖር በወጥ ቤቱ የሚወሰን ነው። ሥጋ በዚያ ድስት ውስጥ ትናንትም አልገባም፣ ነገም አይገባም። ይህን ልዩነት በደንብ ማየት የራሳችንን ማዕድ በሌላ ዓይን እንድናየው ያደርጋል፤ በተለይም በመስቃን፣ የማዕዱ ግማሽ ሥጋ የሌለበት ሆኖ ሳለ ማንም ልብ ባላለበት አገር።

በመጀመሪያ ስለዚያ ምግብ ቤት።

በምሳ ሰዓት አንድ ነባር የታሚል ናዱ ወይም የካርናታካ ምግብ ቤት የገባ ሰው ፊት የሚነጠፈው የሙዝ ቅጠል ነው። የቅጠሉ ቀጭን ጫፍ ወደ ተመጋቢው ግራ ይዞራል። ተመጋቢው ውኃ ይረጭበትና በእጁ ያብሰዋል። ከዚያ አስተናጋጆች ባልዲ መሰል የብረት ዕቃና ጭልፋ ይዘው በየተራ ያልፋሉ። በቅጠሉ የላይኛው ግማሽ ጨው፣ በቅመምና በዘይት የተቀመጠ የማንጎ ወይም የሎሚ አቻር፣ ከኮኮናት የተፈጨ ቻትኒ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት የተጠበሰ አትክልት ይደረደራል። በታችኛው ግማሽ፣ ለእጅ በሚቀርበው በኩል፣ ሩዝ ይፈስሳል። ሩዙ ደጋግሞ ይመጣል። መጀመሪያ ከሳምባር ጋር ነው፤ ሳምባር የርግብ አተር ክክ ከአትክልትና ከሮቃ ፍሬ ጋር የሚሠራ ኮምጠጥ ያለ ወጥ ነው። ቀጥሎ ከራሳም ጋር ይበላል፤ ራሳም ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቀጭን መረቅ ነው። በመጨረሻ ከእርጎ ጋር ይበላና የበርበሬው ትኩሳት ይበርዳል። ፓያሳም የሚባል የወተት ወይም የኮኮናት ጣፋጭም አለ። ዋጋው አንድ ነው፤ ተመጋቢው በቃኝ እስኪል አስተናጋጁ መጨመሩን አያቆምም። ሲጨርስ ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፈዋል፤ ይህ መብላቱን መጨረሱን ብቻ ሳይሆን መርካቱንም የሚናገር ምልክት ነው።

ይህን ሥርዓት ጉራጌ ቢያየው ብዙው ነገር አዲስ አይሆንበትም። በቀኝ እጅ መብላት የእሱም ነው። ቅጠሉማ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሙዝና እንሰት በአንድ የዕፅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ክትፎም በወጉ ሲቀርብ ኮባ ይነጠፍለታል። እንግዳ የሚሆንበት ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ሕንድ ማዕድ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅጠል አለው፤ የሌላውን ቅጠል አይነካም፣ የራሱንም አያካፍልም። የሰው አፍ ወይም ምራቅ የነካው ምግብ ለሌላ አይሰጥም የሚለው ሥርዓት ጥብቅ ነው። የእኛ መሶብ ተቃራኒው ነው። ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ጉርሻ ከሰው እጅ ወደ ሰው አፍ ይሄዳል፤ ያልጎረሰ እንግዳ እንዳልተከበረ ይቆጠራል። ሁለቱም ሥርዓቶች ክብርን ያሳያሉ፤ አንደኛው የሰውን ድርሻ ባለመንካት፣ ሁለተኛው የራስን ድርሻ ለሰው በማጉረስ።

አሁን ወደ ሊጡ እንሂድ፤ ዝምድናው ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

ዶሳ የደቡብ ሕንድ ቁርስ ነው፤ ቀጭን፣ ሰፊ፣ ጠርዙ የሚሰባበር ቂጣ። ኢድሊ ደግሞ ከተመሳሳይ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነጭና ለስላሳ ዳቦ ነው። ለሁለቱም ሩዝና ኡራድ የሚባለው የማሾ ዘመድ ጥራጥሬ ለየብቻ ለሰዓታት ይዘፈዘፋሉ። ብዙ ጊዜ ሦስት እጅ ሩዝ ለአንድ እጅ ኡራድ ይሆናል፤ ጥቂት የአብሽ ፍሬም አብሮ ይገባል። ከዚያ ከነርጥበታቸው ይፈጫሉ፣ ይደባለቃሉ፣ ሌሊቱን ያድራሉ። ጠዋት ሊጡ በአረፋ ተነፍቶ፣ ኮምጠጥ ብሎ ይገኛል።

እንጀራ ጋጋሪ እናት ይህን ስትሰማ ሁለት ነገር ታስተውላለች። አንደኛ፣ እኛ ዘንድ ጤፉ ደርቆ ይፈጭና ዱቄቱ ይቦካል፤ እነሱ ዘንድ እህሉ ርሶ ይፈጫል። ሁለተኛ፣ እርሾ የለም። እኛ ካለፈው ሊጥ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውኃ አስቀርተን ለቀጣዩ እንጨምራለን፤ እነሱ ግን በጥራጥሬው ላይ አብረው የመጡትን ጥቃቅን ሕዋሳት ብቻ ይጠብቃሉ። ኡራድ ሲፈጭ ሙጫ መሰል ባሕርይ ስላለው ሕዋሳቱ የሚያወጡትን አየር አፍኖ ይይዛል፤ ኢድሊ የሚነፋው በዚህ ነው። ጤፍ ይህ ሙጫ የለውም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ሴቶች ሌላ ብልሃት አበጅተዋል። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ይወሰድና በፈላ ውኃ ይማሰላል፤ ይኸው አብሲት ተመልሶ ሲቀላቀል ሊጡን ያያይዘዋል፤ የእንጀራው ዓይንም ያምራል። ሁለት ሕዝቦች አንዱን ችግር፣ ማለትም አየሩ ከሊጡ እንዳያመልጥ ማድረግን፣ በሁለት መንገድ ፈቱት። ይህ ብልሃት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ሊገባ የሚገባው ሳይንስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምጣዱ ላይም ልዩነቱ ያምራል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከጠርዝ ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ትመጣለች፤ ዶሳ ጋጋሪ መሃል ላይ ጨልፎ በጭልፋው ጀርባ እያዞረ ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። እንጀራ ያለ ዘይት በአክንባሎ ተከድኖ በራሱ እንፋሎት ይበስላል፤ ዶሳ ሳይከደን፣ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ተርከፍክፎበት ይደርቃል። ስለዚህ እንጀራ ለወጥ ይስማማል፣ ወጡን ይጠጣል፤ ዶሳ ግን ተቆርሶ ሳምባር ውስጥ ይጠቀሳል። በቡታጅራ ዶሳ ልሥራ የሚል ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቼናይ በባሕር ዳርቻ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሊጡ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። እዚህ ሊጡ ምድጃው አጠገብ ካልተቀመጠ ጊዜ ይወስዳል።

የመብላላቱ ጥቅም ጣዕም ብቻ አይደለም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረትና ዚንክ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ፋይቴት የሚባለው ውህድ አስሮ ይይዛቸውና ሰውነት በወጉ አይወስዳቸውም። መብላላት ይህን ማሰሪያ ይፈታዋል። ሩዝ ከኡራድ ጋር መሆኑም ምክንያት አለው። በእህል ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን የሚባለው ክፍል ያንሳል፤ ጥራጥሬ ደግሞ እሱ ሞልቶት ሜታዮኒን ያንሰዋል። አንድ ላይ ሲበሉ ይደጋገፋሉ። ዶሳ ሁለቱን በአንድ ሊጥ ያዋሕዳል፤ እኛ ገበታው ላይ እናገናኛቸዋለን፤ እንጀራው እህል፣ ሽሮው ጥራጥሬ።

ታዲያ ጾመኛ ኢትዮጵያዊ የደቡብ ሕንድ አትክልት ቤት ገብቶ ተማምኖ መብላት ይችላል? አይችልም፤ ይህ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። «አትክልት ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም ማለት ነው፤ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን ሞልተዋል። የዶሳ ሊጥ ራሱ የወተት ተዋጽኦ የለበትም፤ ምጣዱ ላይ የሚፈሰው ግን ንጥር ቅቤ ሊሆን ይችላል። ሳምባር ውስጥ ሰናፍጭ የሚቁላላውም አንዳንዴ በቅቤ ነው። ቻትኒው ውስጥ እርጎ ሊኖር ይችላል። ቡናው በወተት ነው። ጾመኛው ሰው «በዘይት ይሥሩልኝ፣ እርጎ አይግባበት» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት። የሚያስደስተው ነገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ለደቡብ ሕንድ ወጥ ሠሪ አዲስ አለመሆኑ ነው። በኬረላ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ከፋሲካ በፊት ለ50 ቀን ይጾማሉ፤ በጥብቅ የሚጾሙትም እንደኛው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ይታቀባሉ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤም ተገኝታለች።

ከዚያ አገር ሰዎች ጋር ያለን ትውውቅ ከጉባኤም ይቀድማል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ከነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1947 ለማስተማር መጥቶ አማርኛን የተማረው ፖል ቨርጊስ ነው። ኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ በአማካሪነት አገለገለ፤ ቆይቶም ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብሎ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በኋለኛው ዘመንም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕንድ መምህራን በብዛት አስተምረዋል። የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርታቸውን ተቀበልን፤ የምግባቸውን ጥበብ ግን ጠይቀን አልተማርንም፤ ይህም ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ ምግብ ቤቶቹ እንዴት እንደተፈጠሩ። ታሪካቸው ለጉራጌ አንባቢ የራሱን ታሪክ የሚያስታውስ ነው።

ዑዱፒ በካርናታካ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሊቅ ማድህቫ ያቋቋመው የክሪሽና ቤተ መቅደስ አለባት፤ በዚያም ለተሳላሚ ሁሉ ምግብ መስጠት ነባር ሥርዓት ነው። የመቅደሱ ወጥ ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነካም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዚያ አካባቢ ወጣቶች ኑሮ ሲጠብባቸው ወደ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ)፣ ባንጋሎርና ቦምቤይ ተሰደዱ። የያዙት ሙያ ያን የመቅደስ ምግብ መሥራት ነበር። ክሪሽና ራው የተባለው ሰው ከወጥ ቤት ረዳትነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ማድራስ ውስጥ ዉድላንድስ የተባለውን ስመ ጥር ሆቴል ከፈተ። በባንጋሎር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተው ማቫሊ ቲፊን ሩምስ የተባለ ምግብ ቤት እስከ ዛሬ ወረፋ ያስይዛል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሩዝ ሲጠፋ ኢድሊን በስንዴ ሴሞሊና መሥራት የጀመርነው እኛ ነን ይላሉ ባለቤቶቹ። የአንድ ገጠር ምግብ በስደተኞች እጅ የአገር ምግብ ሆነ።

ይህ የጉራጌ ታሪክ አይደለም? ከመስቃን፣ ከሶዶና ከሰባት ቤት የወጣው ወጣት አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ጠርጓል፣ ዕቃ አጥቧል፣ ተላልኳል። ቆይቶ እቁብ ገብቶ ቤት ከፈተ። ክትፎ ከመንደር ወጥቶ የከተማ ሰው የክብር ምግብ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እቁቡም ቢሆን ደቡብ ሕንድ ውስጥ አቻ አለው፤ ቺቲ ይሉታል። ሰዎች በየወሩ ያዋጣሉ፣ በየተራ ይወስዳሉ። የኬረላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ ሥራ የሚያካሂድ የገንዘብ ተቋም እስከ ማቋቋም ደርሷል። ሁለቱ ሕዝቦች ምግብ ቤት ሲመሠርቱ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ አንድ ዓይነት መንገድ ሄደዋል። አንዱ ከላሟ ወተቱን መረጠ፣ ሌላው ሥጋውን አስቀደመ።

የደቡብ ሕንድ ሕዝብ አብዛኛው ሥጋ በል መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በኬረላ፣ በታሚል ናዱ፣ በአንድራ ሥጋና ዓሣ የተለመደ ምግብ ነው። አትክልት ቤቶቹ ሞልተው የሚውሉት ግን ሥጋ በሚበሉ ሰዎችም ነው። ለምን? አንዱ ምክንያት ዋጋው ነው። ሌላው፣ እኔ ትልቁ የምለው፣ ማንም ማንንም ሳይጠራጠር አብሮ ሊቀመጥበት የሚችል ገበታ በመሆኑ ነው። አሳማ የማይበላው ሙስሊም፣ ላም የማይበላው ሂንዱ፣ «በዘይት ይሥሩልኝ» ያለው ጾመኛ ክርስቲያን በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ።

ይህ ግን በራሱ አልመጣም፤ ታግለው ነው ያመጡት። ቀደም ባለው ዘመን ብዙዎቹ ቤቶች በሂንዱ የዘር ደረጃ የበላይ ለሚባሉት ብራህሚኖች የተለየ መቀመጫ ነበራቸው፤ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ወገኖችም ጨርሶ አይገቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ፔሪያር በሚል የክብር ስም የሚጠራው የእኩልነት ታጋይ ኢ. ቪ. ራማሳሚ ማድራስ ውስጥ አንድ ቡና ቤት «የብራህሚን ሆቴል» የሚለውን ሰሌዳ እንዲያወርድ ለወራት የቆየ ተቃውሞ መርቷል። ሥጋ አለመኖሩ ብቻውን ገበታውን የጋራ አላደረገውም፤ በሩ መከፈት ነበረበት።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በጉራጌ አገር አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂውና እንጨት ሠሪው ከሌላው ሰው ጋር አብረው እንዳይበሉ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ክትፎው የሚቀርብበት ጣባ፣ የሚበላበት የቀንድ ማንኪያ፣ የጉራጌ ቤት ምሰሶ፣ ሁሉም የእጅ ባለሙያ ሥራዎች ናቸው። በዕቃቸው እየበሉ ሰዎቹን ከማዕድ ማራቅ በደል ነው፤ ዛሬም ርዝራዡ ባለበት ሁሉ በግልጽ ሊወገዝ ይገባል።

በመስቃን ሌላም ነገር አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ለቅሶና ሰርግ ይጋራል፤ ሥጋ ግን ይለያያል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን። ስለዚህ በሰርግ ላይ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ መለያየት የሚመጣው ከቢላዋው ነው። ቢላዋው በሌለበት ማዕድ ላይ፣ በጎመኑ፣ በአይቡ፣ በቆጮው፣ በሽሮው ላይ፣ ሁለቱም እጃቸውን ይሰዳሉ። በረመዳን ማታ ለአፍጥር የሚቀርበው የምስር ሳምቡሳም እንዲሁ ማንንም አይለይም፤ እሱም ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ ተነሥቶ በአንድ በኩል ሕንድ፣ በሌላ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ የደረሰ የቆየ መንገደኛ ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ። የመስቃን ማዕድ ሥጋ የሌለበት፣ ራሱን የቻለ ግማሽ አለው። በቅቤና በቅመም የሚታሸው ጎመን ክትፎ አለ። አይብ አለ። ቆጮ አለ፣ ቡላ በወተትና በቅቤ አለ። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመም የሚፈጨው ዳጣ አለ፤ የደቡብ ሕንድ ሰው ቢቀምሰው ቻትኒ ነው ብሎ ይወስደዋል። ቡና በቅቤና በጨው አለ። የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከእርዱ ቀን አስቀድሞ ጎመን ክትፎ የሚበላበት ዕለት አለ፤ ጉራጌ ትልቁን በዓሉን የሚከፍተው ያለ ሥጋ በቅቤ ነው ማለት ነው። ይህ ከጾም በያይነቱ ይልቅ ለዑዱፒ ገበታ የቀረበ ነው። የዑዱፒም ሥርዓት ያው ነው፤ ሥጋ የለም፣ ቅቤና እርጎ አለ።

ይህ ግማሽ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ያነሰ ነው። እንሰት ብዙ ሕዝብ ከረሃብ ያዳነ ዕፅ ነው፤ በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእሱ ላይ ይመካል። ቢሆንም ቆጮ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። አይብ ሲጨመርበት ፕሮቲንና ካልሲየም ይገባል፤ ጎመን ሲጨመርበት ብረትና ቫይታሚን ይገባል፤ ቅቤው የጎመኑን ቫይታሚን ኤ ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ወተቱና አይቡ ከአትክልት ፈጽሞ የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ 12 ያመጣሉ። እናቶች ይህን አቀናጅተው ያስቀመጡት ላቦራቶሪ ገብተው አይደለም፤ ግን ትክክል ነበሩ። ምግብ ቤቶቻችን ግን ይህን ሁሉ «ጎን ምግብ» አድርገው በትንሽ ሳህን ከክትፎው ዳር ያስቀምጡታል፤ ለብቻው ዝርዝር ላይ የሚጽፈው ጥቂት ነው።

ቅመሙም ለዚህ ይመቻል። የማረቆ በርበሬ ለዓለም ማቅረብ የሚገባን ነው፤ ዘሩ ግን እንደ ሕንዱ በርበሬ ሁሉ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 የሕንድ ወደብ ካሊከት ሲደርስ የሕንድ ወጥ የሚያቃጥለው በቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው በርበሬ ሕንድ የገባው ከዚያ በኋላ በፖርቱጋሎች ንግድ ነው። አብሽ፣ ድንብላል፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድ በሁለቱም ጓዳ አሉ። ሄል ከእነሱ ተራራ ወደ እኛ መጣ፤ ኮረሪማ ግን የኢትዮጵያ ደን ስጦታ ነው። ቡናንም ቢሆን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የተባለ ሱፊ ከሐጅ ሲመለስ ሰባት ፍሬ ከየመን ይዞ በካርናታካ ተራራ ላይ እንደተከለው ይተረካል። ዛሬ በዑዱፒ ቤት የሚጠጣው የወተት ቡና የዚያ ዘር ነው፤ ያ ዘር ደግሞ ከእኛ ደን ተነሥቶ የመን የደረሰ ነው።

እንግዲህ በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ ሥጋ የሌለበት ነገር ግን ጾም ብቻ ያልሆነ ምግብ ቤት ለመክፈት ምን ይጎድላል? ዕቃው ከገበያው አለ። ዋና ምግቡ ጎመን ክትፎ፣ አይብ፣ ቡላና ቆጮ ይሁን፤ የደቡብ ሕንዱ ነገር በጎኑ ይግባ። ኡራድ ባይገኝ ማሾ አለ፤ በአንድራ ፔሳራቱ የሚሉት ዶሳ የሚሠራው ማሾ ተዘፍዝፎ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈጭቶ ነው፤ ማደርም መቡካትም አያስፈልገውም፣ የቡታጅራ ብርድም አያግደውም። ሩዝ ከፎገራ ይመጣል። የኮኮናት ቻትኒን ቦታ ዳጣ ይሞላዋል። ቅጠሉን ከጓሮ እንሰት መቁረጥ ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ መታመን። የዑዱፒ ቤቶች በሕዝብ የታመኑት ሥጋ በጭራሽ ስለማይገባባቸው ነው። ክትፎ የተከተፈበትን መክተፊያ አጥቦ ለጎመን ማዋል ይህን እምነት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቤቱ ሥጋ ፈጽሞ እንዳይገባበት፣ በውስጡም ለቅቤና ለዘይት የተለያየ ድስትና ምጣድ እንዲኖር ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን «በቅቤ» ወይም «በዘይት» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ረቡዕና ዓርብ ጾመኛው ተማምኖ ይበላል፤ ሙስሊሙ ስለ እርዱ ሳይጠይቅ ይቀመጣል፤ ከሌላ አገር የመጣው ሥጋ የማይበላ እንግዳም ጾም ሳይጠብቅ ቅቤውን ይበላል። በ2011 ዓ.ም የተነሣው የመስቃንና የማረቆ ግጭት ባቆሰለው አገር፣ ሰዎች ሳይጠራጠሩ አብረው የሚቀመጡበት አንድ ተጨማሪ ቦታ መክፈት ትንሽ ነገር አይደለም።

የምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ እናቶቻችሁ በጓዳቸው የያዙትን ሙያ ጠይቋቸው፤ ጎመን ክትፎውን፣ አይቡንና ቡላውን ከሳህኑ ዳር አንሥታችሁ ዋጋ ቁረጡለት፣ ስሙንም በሰሌዳ ላይ ጻፉት።